የባኽን የሃርፕሲኮርድ ኮንሰርቶ በፒያኖ፦ ለድሬ ልጆች

አቦ፣ መጀመሪያ እግርህን ድምፁን ከሚያቆየው ፔዳል ላይ አንሳ። ከዚራ ቤቴ ለሚመጣ ተማሪ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ፒያኖ ክሩን በመዶሻ ይመታል፤ ሃርፕሲኮርድ፣ ከፒያኖ በፊት የነበረው ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ ግን በላባ ስንጥር ቆንጥሮ ነው የሚያሰማው። ጠንክረህ ብትመታው ድምፁ ብዙም አይጨምርም፤ ጣትህን ስታነሳ ይቆማል። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ እነዚህን ኮንሰርቶዎች፣ አንድ መሣሪያ ከአጃቢዎች ጋር የሚጫወትባቸውን ሥራዎች፣ በ1738 እ.ኤ.አ. ገደማ ላይፕሲግ ከተማ ላይ ያዘጋጃቸው ለዚያ መሣሪያ ነው። ፔዳል ረግጠህ ከሮጥክ ያ ሁሉ ፈጣን ኖታ ገንፎ ይሆንብሃል።

በዲ ማይነሩ ኮንሰርቶ እንጀምር፣ በባኽ ሥራዎች ዝርዝር ቁጥር 1052 በሚባለው። መክፈቻው ላይ ቫዮሊኑም ቼሎውም አንተም የምትጫወቱት አንድ ዜማ ነው። ፒያኖው ሊያይል ይፈልጋል፣ አትፍቀድለት። እኛ ጋ ደግሞ ያን ሁሉ ቫዮሊን ከየት ይመጣል? ለየመስመሩ አንድ አንድ ሰው ይበቃል። ክዳኑን ዝጋው። ግራ እጅህ አብዛኛውን ጊዜ ከቼሎው ጋር ስለሚሄድ ቀለል አድርገው። ቼሎ የሚጫወት ካላገኘህ ግን ቤዙ አንተ ነህ፤ ያኔ ጠንከር በል።

ፈተናው ያለው አንድ ኖታ እየተደጋገመ በመሀሉ ሌላ ዜማ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ አጥኚዎች ሥራው መጀመሪያ ለቫዮሊን እንደተጻፈ ያምናሉ፤ ይህ ቦታ በእርግጥም ሁለት ክር ላይ የሚመላለስ ቀስት ነው የሚመስለው። የሚደጋገመውን ኖታ ለጊዜው ተወውና ዜማውን ብቻ ተጫወት። በአፍህም ዝፈነው። ከዚያ የተውከውን መልሰው፣ ግን ቁልፉን ነካ ብቻ እያደረግክ። ሃርፕሲኮርድ በንክኪ እንዲህ ማጉላትና ማሳነስ አይችልም፣ ፒያኖ ይችላል። ታዲያ ለምን እናፍርበታለን? ሃርፕሲኮርድ ለመምሰል ኖታውን ሁሉ እየቆራረጡ የሚጫወቱ አሉ፣ እኔን ያደክመኛል።

ትሪሉን፣ ሁለት ጎረቤት ኖታ በፍጥነት የሚፈራረቅበትን ጌጥ፣ ከላይኛው ኖታ ጀምር። በቃ።

የኤፍ ማይነሩ ኮንሰርቶ ላርጎ፣ ማለትም ዝግ ያለው ክፍል፣ ሌላ ነገር ነው። አጃቢዎቹ ክራቸውን በጣት እየቆነጠሩ አንተ ከላይ ትዘፍናለህ። እዚህ ጋ ፔዳል በስሱ ፈቅጃለሁ፤ ቤዙ በተቀየረ ቁጥር ልቀቀው።

የድሬ ሙቀትና ድርቀት ፒያኖ ያዛባል። ስለዚህ ቫዮሊኖቹ በስልክ መቃኛ ሳይሆን ኤ በሚባለው የፒያኖው ኖታ ይቃኙ። ቬንትሌተሩን ማጥፋት አይቻልም፣ ሙቀቱ ይገድላል፤ የኖታውን ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ልምምዱንም በቀትር አታድርገው፣ ጎረቤት በርጫ ላይ ነው፣ ጫት እየቃመ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ተሰብሰቡ።