ለሥነ ፈለክ ምርምር የመንግሥት ገንዘብ ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች በጉልላቶቻቸው ሥር ተተክለዋል። እኔ የምኖረው ከተራራው ወዲያ፣ በሱሉልታ በኩል ሲሆን፣ ወጣት ተመራማሪዎች የሚያዘጋጁትን ፕሮፖዛል ከመላካቸው በፊት እያነበብኩ አስተያየት እሰጣለሁ። መልካም ጥያቄ የያዘ ሰው፣ ገንዘቡ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣና ጽሑፉን ማን እንደሚገመግመው ባለማጣራቱ ብቻ ሲወድቅ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው ስህተት የቴሌስኮፕ ሰዓትንና የምርምር ገንዘብን አንድ አድርጎ ማየት ነው። በብዙ የምድር ላይ ኦብዘርቫቶሪዎች (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያዎች) የምልከታ ሌሊቶችን የሚያከፋፍለው ኮሚቴ የሚፈቅደው ሰዓት ብቻ ነው፤ የረዳት ተመራማሪ ደመወዝ፣ የኮምፒውተርና የጉዞ ወጪ በሌላ ማመልከቻ ይጠየቃል።

መሣሪያ መግዣውን ብቻ አስልቶ ማስኬጃውን መርሳትም የተለመደ ነው። የፌዴራል መንግሥታችን በጀት መደበኛና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል፣ ዓመቱም ሐምሌ 1 ይጀምራል። የእንጦጦው ማዕከል በማኅበር ጥረትና በግለሰብ ልገሳ የተነሣ ሲሆን፣ መንግሥታዊው የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ስለሆነም ተክሎ መጨረስና ዓመት ዓመት ማንቀሳቀስ ሁለት የተለያዩ የገንዘብ ጥያቄዎች መሆናቸውን ከቅርብ አይተናል። እኔ ራሴ ያገዝኩበት አንድ የካሜራ ግዢ ጥያቄ የማጓጓዣ፣ የጉምሩክና የመጠባበቂያ ባትሪ ወጪ ስላልተካተተበት ተመልሶብናል። ስህተቱ የእኛ ነበር፤ ሠንጠረዡ አንድ መስመር ብቻ ነበረው።

ብዙ ሰው በእጅጉ የሚሳሳተው ግን ስለ ግምገማው ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ፕሮፖዛል የሚመዘነው በሁለት መስፈርቶች ነው፤ አንደኛው ለዕውቀት የሚጨምረው ነገር፣ ሁለተኛው ለኅብረተሰቡ የሚያስገኘው ሰፊ ጥቅም ነው። ከውጭ የሚጋበዙት ሳይንቲስቶች ደረጃ ሰጥተው አስተያየታቸውን ይጽፋሉ እንጂ ገንዘቡን አይፈቅዱም፤ የፕሮግራሙ ኃላፊ አስተያየቶቹን፣ ያለውን በጀትና የዘርፎቹን ሚዛን አገናዝቦ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ የበላይ ኃላፊው ደግሞ ያጸድቃል። ስለዚህ ለአንድ የዘርፉ ሊቅ ብቻ እንዲገባ ተደርጎ የተጻፈ ገጽ በግማሽ መንገድ ይቀራል፤ በአንድ የገምጋሚዎች ጉባኤ ውስጥ ስለ ተለዋዋጭ ከዋክብት (ብርሃናቸው ስለሚለዋወጥ) የሚያውቀው ስለ ጋላክሲዎች የጻፉትንም ሊያነብ ይችላልና።

ሁለተኛውን መስፈርት በጅራቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር መወጣት ሌላው ጉድለት ነው። «ጥናቱ ለአገር ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደርጋል» የሚለው ቃል ለገምጋሚው ምንም አይነግረውም። በአንጻሩ አንድ ልጅ የጻፈው፣ የሰፈሩን የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በየወሩ ወደ እንጦጦ አውጥቶ የጨረቃን ጉድጓዶች ጥላ እንዲለኩ የሚያደርግበት ዕቅድ፣ ቀኑ፣ የመኪናው ኪራይና የኃላፊው መምህር ድርሻ ተለይቶ ስለተቀመጠበት ሊመዘን የሚችል ነበር።

በስምና በዝና መተማመንም አይበጅም። በሕዋ ላይ ያለው የሀብል ቴሌስኮፕ ሰዓት አከፋፋዮች እ.ኤ.አ. በ2018 የአመልካቾችን ማንነት ከገምጋሚዎች መሰወር ጀመሩ፤ በዚያው ዙር በሴቶች የሚመሩ ፕሮፖዛሎች የማለፍ መጠን ከወንዶቹ በጥቂቱ በልጦ ተገኘ። በእንዲህ ያለ ሥርዓት «ቀደም ሲል እንዳሳየሁት» ብሎ የራስን ሥራ መጥቀስ ሕግ መጣስ ነው።

የቀን መቁጠሪያ ነገር አጭር ቢሆንም ብዙዎችን ይጥላል፤ የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ሲጀምር፣ የአሜሪካ የበጀት ዓመት የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 አካባቢ ነው።

በመጨረሻም፣ ውድቅ የተደረገ ፕሮፖዛል ይዞት የሚመጣውን የገምጋሚ አስተያየት በንዴት ሳያነቡ መተው ትልቅ ኪሳራ ነው። አንዲት የማውቃት ተመራማሪ በተመለሰላት ወረቀት ላይ «በደመና የሚባክኑ ሌሊቶች ስንት ናቸው?» የሚል ጥያቄ አገኘች። ለካስ ዓመቱን ሙሉ የእንጦጦ ሰማይ ጥርት ያለ አድርጋ ቆጥራው ኖሯል። እንደገና ስታዘጋጀው የክረምቱን ወራት ለመረጃ ትንተና መደበች፤ የምልከታው ሠንጠረዥም ከጥቅምት ጀመረ።