የድሮ ወታደራዊ የሬዲዮ ላንድሮቨር ስታድሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝ አገር የሚኖር ጓደኛዬ ከጦር የወጣ ላንድሮቨር ገዛና ደወለልኝ። «ጎበዝ በለኝ፣ ውስጡ የነበረውን ቆሻሻ ሽቦ ሁሉ አውጥቼ ጣልኩት» አለኝ። ምን ልበለው? መኪናውን የሬዲዮ መኪና ያደረገው ያ ሽቦ ነበር። መልሶ ለማሰባሰብ ሁለት ዓመት ፈጀበት።

መኪናው የእንግሊዝ ጦር «ላይትዌት» የሚለው ባለ 88 ኢንቹ ነው። ከ1968 እስከ 1984 ተሠርቷል (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሄሊኮፕተር ተንጠልጥሎ እንዲሄድ ታስቦ በሮቹና መከላከያዎቹ ይፈታሉ። ከእነዚህ ውስጥ «ኤፍኤፍአር» የሚባሉት ገና ሲሠሩ ለመገናኛ ሬዲዮ የተዘጋጁ ናቸው።

ሳያዩ መፍታት

ካሜራ ይቅደም፣ ካቻቢቴው ይደርሳል። እዚህ መኪና ላይ ያለምክንያት የተበሳ ቀዳዳ እምብዛም የለም። ፓራፋንጎው ላይ ተደፍኖ የተቀባ ቀዳዳ ካገኛችሁ አንቴና የቆመበት ሊሆን ይችላል። ከኋላ የተደረደሩት የብሎን ቀዳዳዎች ደግሞ የሬዲዮው ጠረጴዛ የታሰረባቸው ይሆናሉ። ለክታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ጻፉ። አንዴ በስቱኮ ከተለሰነ አለቀ።

ቀለሙንም ዝም ብላችሁ አትግፈፉት። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውኃ ነክራችሁ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ እሹ። ውኃው አቧራ እንዳይነሳ ነው፤ የድሮ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ስለሚችል። የጓደኛዬን መኪና በር እንዲህ ስናሽ መጀመሪያ ደብዛዛው አረንጓዴ ለቀቀ። ከሥሩ ጥቁር መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ አረንጓዴ፣ መጨረሻ ላይ የሚያብረቀርቅ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ልክ እንደ ሽንኩርት። ከፊት ላሜራው ላይ ደግሞ የነጭ ቁጥር ጠርዝ ብቅ አለ፤ የመጀመሪያው የጦር ታርጋ። ጓደኛዬ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም፣ እሱኑ ሲያይ ዋለ።

ሁለት ዘመን ማደባለቅ

«እንደ ኦሪጅናሉ» ሲባል የትኛው? በ1970 የተሠራ መኪና መጀመሪያ «ላርክስፐር» የሚባሉትን ሬዲዮዎች ጭኖ፣ ከዓመታት በኋላ «ክላንስማን» በሚባሉት ሊቀየርለት ይችላል። ሁለቱም እውነተኛ ታሪኩ ናቸው። አንዱን መምረጥ ግን ግድ ነው። የላርክስፐሩ ሲ42 ከ36 እስከ 60 ሜጋኸርዝ ይሠራል፣ የክላንስማኑ ቪአርሲ 353 ከ30 እስከ 76 ገደማ። የጆሮ ማዳመጫቸው ሶኬት እንኳን አይገጥምም። ክላንስማን ጭኖ በሚያብረቀርቅ የ60ዎቹ ቀለም የተቀባ መኪና አይቻለሁ። ያምራል፣ ግን የትኛውም ወታደር እንዲያ ሆኖ አያውቀውም።

24 ቮልቱን ወደ 12 መቀየር

ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል፤ ባለ 12 ሞተሪኖ በየሱቁ አለ፣ ርካሽም ነው። ግን ኤፍኤፍአር ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ተያይዞለት በ24 ነው የሚሄደው፤ ለሬዲዮው ደግሞ የራሱ ባትሪዎች አሉት። ዲናሞው 90 አምፔር ይሰጣል። 24 የተመረጠው ለዚያው ኃይል የሚያስፈልገው አምፔር በግማሽ ስለሚቀንስ ነው፣ ሽቦውም ያን ያህል መወፈር የለበትም። ደግሞም በኔቶ ጦሮች ዘንድ የተለመደው ቮልት ይኸው ነው። ወደ 12 ቀይራችሁ ለ24 የተሠራውን ሬዲዮ ብታስገቡበት ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ከዚህ የማይሻል ሌላ «ብልሃት» አለ። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ወስዶ የስልክ ቻርጀር ወይም ቴፕ ማገናኘት። ዲናሞው የሚሞላቸው እኩል እንደሆኑ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ አንዱ ሁሌ ይጎድላል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ገዝታችሁ ተገላገሉ።

ብረት የለበሰውን ካንዴላ መጣል

የካንዴላው ሽቦዎች ብረት ለብሰዋል፣ ዲስትሪቢተሩም እንደዚያው። ከባድና ውድ ስለሆኑ ብዙ ሰው በተራ የመኪና ሽቦ ይተካቸዋል። ሞተሩ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ሊሻለው ይችላል። ግን ሬዲዮውን ክፈቱና ለሞተሩ ጋዝ ስጡት፤ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ የሚለው ድምፅ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይፈጥናል። የካንዴላ ብልጭታ ራሱ ትንሽ ማሰራጫ ነው፣ ሰፊ ሞገድ ይረጫል። ብረቱ የተደረገው እሱን ለማፈን ነው።

እዚያው ላይ፣ ኮፈኑን ከአካሉ፣ አካሉን ከሻሲው የሚያያይዙ ጠፍጣፋ የመዳብ ጉንጉኖች ታያላችሁ። ሥራቸው ያው ድምፅ ማፈን ነው። እኛ የሚታሰሩበትን ቦታ ሁሉ አሳምረን ቀብተን አሰርናቸው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ጩኸቱ ተመልሶ መጣ። ብሎኖቹን ፈትተን፣ ቦታውን እስከ ብረቱ ድረስ ፍቀን መልሰን አሰርን። ቴስተሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ጩኸቱም በረደ።

ሬዲዮውን በቀጥታ ማብራት

ለዓመታት የተኛ ሬዲዮ ውስጥ ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች፣ ደርቀው ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ከባትሪው ጋር ካያያዛችሁት ጭስ ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ አምፔር በሚገድብ ፓወር ሰፕላይ ሞክሩት። አንቴና ሳታገናኙ ደግሞ የማይኩን ቁልፍ አትጫኑ። መውጫ ያጣው ኃይል ወደራሱ ተመልሶ የማሰራጫውን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል።

ሌላው ትንንሽ ነው። የድሮ ፍሬን ሸራ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በኮምፕሬሰር አትንፉት። ቀለሙንም እንደ ሠርግ መኪና አታሳምሩት፤ ወታደሩ ብዙ ጊዜ በብሩሽ ነበር የሚቀባው።

ማዳመጥና ማስተላለፍም ለየቅል ናቸው። ቪአርሲ 353 እስከ 50 ዋት ያወጣል፣ ሩቅ ይሰማል። እንግሊዝ አገር 50 እና 70 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለአማተር ሬዲዮ የተፈቀደ ቦታ አለ፣ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ። ጓደኛዬ ፈቃዱን እስኪያገኝ ማይኩን ከመኪናው ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ነበር። ሕግ ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ትንሹ ልጁ አንድ ቀን «ሃሎ አያቴ» ሲል ሰምቶት ነው።