የፊት ሹካው «ቋ ቋ» ይላል? ያገኛችሁትን ብሎን ሁሉ አታጥብቁ

ሳይክሉን ገጣጥማችሁ ጨርሳችኋል። የፊት ፍሬን ስትይዙ ግን ከመሪው ስር «ቋ» የሚል ነገር አለ። ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይብስበታል።

መጀመሪያ የላላው የቱ እንደሆነ እንለይ። የፊት ፍሬኑን ጨብጣችሁ ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። በሌላው እጃችሁ ሹካውና ፍሬሙ የሚገናኙበትን፣ ኩሽኔታው ያለበትን ቦታ ያዙ። ጣታችሁ ስር ከተንቀሳቀሰ ችግሩ እዚያው ነው። ካልሆነ ፍሬኑን ልቀቁና ጎማውን ብቻ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ሹካው ቆሞ ጎማው ከተነቃነቀ የላላው ሞዞው (የጎማው መሀል፣ አክሱን የሚይዘው) ነው፤ መሪውን በከንቱ አትፍቱ።

የዛሬዎቹ ሳይክሎች አብዛኞቹ መሪውን የሚይዘው ስቴም ጎኑ ላይ ሁለት ብሎን፣ ከላይ ደግሞ ክዳንና አንድ ብሎን አላቸው። ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። የላይኛው ብሎን ሹካውን ወደ ላይ ስቦ ክፍተቱን ይዘጋል እንጂ አያስረውም። የሚያስሩት የጎኖቹ ናቸው። እነሱ ጠብቀው ሳለ የላዩን ብታዞሩት ምንም አይፈጥርም። ስለዚህ የጎኖቹን አላሉ። የላዩን ንቅናቄው እስኪጠፋ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። መሪውን ከጎማው ጋር አስተካክሉና የጎኖቹን እያፈራረቃችሁ እሰሩ። የማጥበቂያው ኃይል ልክ ብዙ ጊዜ ስቴሙ ላይ ተጽፏል፤ 5 ወይም 6 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው።

የላዩ ብሎን ጥግ ደርሶም ሹካው ከላላ ክዳኑን ንቀሉ። የሹካው ቱቦ ከስቴሙ አፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። እኩል ከሆነ ክዳኑ የሚጫነው ስቴሙን ሳይሆን ቱቦውን ነው። አንድ የስቴም ቀለበት (ቱቦው ላይ የሚጠልቅ ስስ ቀለበት) ጨምሩበት፣ አለቀ።

አንዳንዴ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥማል፦ ስታላሉት ይነቃነቃል፣ ትንሽ ስታጠብቁት መሪው አልዞርም ይላል። እንዲህ ከሆነ ኩሽኔታው ተገልብጦ መግባቱን ጠርጥሩ። ፈታችሁ እዩት። ሰያፍ የተቆረጠው ጠርዙ መቀመጫው ላይ በልኩ መተኛት አለበት። ሹካው ጫፍ ላይ የሚቀመጠው የታችኛው ቀለበትም እስከ መጨረሻው ካልገባ ችግሩ ያው ነው። ስሩ ክፍተት ከታየ ዙሪያውን እኩል እየመታችሁ አስገቡት። ግራሶ አትርሱ።

የድሮው ባለ ጥርስ ሹካ ክዳን የለውም፤ ሁለት ዳዶ ነው ያለው። የታችኛው ልኩን ይወስናል፣ የላይኛው ይቆልፋል። የላዩን ስታጠብቁ የታችኛውን በሌላ ቁልፍ ካልያዛችሁት አብሮ ዞሮ ልፋታችሁን ያበላሻል። ብዙዎቹ አሮጌዎች 32 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይፈልጋሉ።

ስትጨርሱ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሱ። መሪው በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት። መሀል ላይ የሚቆም ወይም የሚያዝ ከሆነ አብዝታችሁታል፤ ትንሽ መልሱት። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም የፍሬኑን ፍተሻ ድገሙት። አዲስ ዕቃ ቦታውን ሲይዝ ጥቂት ይላላል።