የወሰነብህ ሰው ነው ወይስ ኮምፒውተር?

ሆላንድ ውስጥ «ድጎማህ ተቋርጧል» የሚል ደብዳቤ ከመንግሥት ከደረሰህ፣ መጀመሪያ ቀኑን እይ። ቅሬታ ማስገቢያው 6 ሳምንት ብቻ ነው። እኔ ፍሪጅ ላይ ለጥፌው 5ኛው ሳምንት ላይ ባነንኩ!

ቀጥሎ በ2022 የተከፈተውን የመንግሥት የአልጎሪዝም (ለውሳኔ የሚረዱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች) መዝገብ ኢንተርኔት ላይ አውጣና የመሥሪያ ቤቱን ስም ፈልግ። አጣኸው? ኮምፒውተር የለበትም ብለህ አትመን፤ ሁሉም አልተመዘገበም። የሮተርዳም ማዘጋጃ ቤት እስከ 2021 ድጎማ ተቀባዮችን ይመረምርበት የነበረው ፕሮግራም የቋንቋ ችሎታን ሳይቀር ይቆጥር ነበር። እንደኛ ደች የሚንተባተበው ተጠርጣሪ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ጻፍላቸው፦ «ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ስጡኝ። የወሰነው ማነው?» በአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 15 መሠረት፣ በመደበኛው በ1 ወር ውስጥ ይመልሳሉ። ኮምፒውተር ብቻውን ከወሰነ አንቀጽ 22ን ጠቅሰህ ሰው እንዲያየው ጠይቅ። በሪኮማንዴ ላከው፤ ደረሰኟን እንዳትጥላት።