ቺኑክ በሪሞት፦ ሠርቶ ማብረር

ቺኑክ የተባለው ሄሊኮፕተር ጅራቱ ላይ ትንሽ ሮተር (የሚሽከረከር የክንፎች ስብስብ) የለውም። ፊትና ኋላ ያሉት ሁለት ትልልቅ ሮተሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሽከረከሩ አካሉ አብሯቸው አይዞርም። የሞዴሉም ውበትና ጣጣ ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ከቀለም ይጀምራል። እኔ ግን ከቀበቶው ጀምሩ ባይ ነኝ። የሮተሮቹ ክንፎች መሃል ላይ ስለሚደራረቡ፣ ሁለቱ በዘንግ ወይም በጥርሳም ቀበቶ መያያዝ አለባቸው። ሦስት ሦስት ክንፍ ካላቸው፣ የፊቱ አንዱ ክንፍ ልክ ወደ ኋላ ሲጠቁም ከኋለኛው ሁለት ክንፎች መሃል ይግባ። በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር አዙሩና እዩት። ቀበቶው ጥርስ እየዘለለ ከሄደ ክንፍ ከክንፍ ይጋጫል፤ ያኔ አለቀ። እኔ ቀበቶውንም ጥርሱንም በነጭ ቀለም ምልክት አደርጋለሁ።

ቀጥሎ ክንፎቹን አውልቁና ሪሞቱን ፈትሹ። ወደ ፊት ስትገፉ የኋላው ሮተር ወደ ላይ የማንሳት ኃይሉን ይጨምር፣ የፊቱ ይቀንስ። ወደ ቀኝ ስታዞሩ የፊቱ ስዋሽፕሌት (ከሮተሩ ሥር ሆኖ የክንፎቹን ዘዌ የሚቀያይረው ሳህን) ወደ ቀኝ፣ የኋላው ወደ ግራ ያጋድል። ጋይሮውንም (ማዘንበሉን እየለካ የሚያቃናውን መሣሪያ) አትርሱ፦ አፍንጫውን በእጅ ዝቅ ስታደርጉ የፊቱ ሮተር የማንሳት ኃይሉን መጨመር አለበት። ተገላቢጦሽ ከሆነ እንዳታስነሱት!

ሚዛኑን በባትሪው አስተካክሉ፤ ክብደቱ በሁለቱ ሮተሮች መሃል ይረፍ።

ለመጀመሪያ በረራ ነፋስ የሌለበት፣ ሰው የማይመላለስበት ሜዳ ምረጡ። ራቅ ብላችሁ፣ ጅራቱ ወደ እናንተ ሆኖ፣ ዝቅ ብሎ ይንሳፈፍ። ቶሎ ለማዞር አትቸኩሉ። ረጅም ስለሆነ መዞር ሲጀምርም ሲያቆምም ዘገምተኛ ነው፤ መሪውን ቀደም ብላችሁ መልሱ።