ግጥሟ የት ላይ ዋሸች? ፊዚክስን በግጥም ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጀማሪ የፊዚክስ መምህር ግጥም ይዞ ክፍል ሲገባ ደስ ይለኛል። አንዷን ስህተት ግን ደጋግሜ አይቼ ትዕግሥቴ አልቋል። ቤት ለማስመታት ሲባል ፊዚክሱን መሸጥ!

ኃጢአቱን እኔም ሠርቼዋለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ማስ (የአንድ ነገር የቁስ መጠን) እና ክብደት (ያን ነገር ስበት የሚጎትትበት ፎርስ) ሲምታታባቸው፣ ሌሊት ቁጭ ብዬ ይቺን ገጠምኩ፦

ጨረቃ ላይ ወጣሁ፣ ቀለለኝ ክብደቴ፤
ስልሳው ኪሎ ሥጋ፣ ዐሥር ሆነ እቴ።

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ወዲያው በቃላቸው ያዟት። ፈተና ላይ "ማሱ 60 ኪሎግራም የሆነ ሰው ጨረቃ ላይ ማሱ ስንት ይሆናል?" ብዬ ጠየቅኩ። ግማሹ ክፍል "10" ብሎ ቁጭ። ማን አስተማራቸው? እኔው! ማሱ እዚያም 60 ነው። የሚቀንሰው ክብደቱ ነው፤ ምድር ላይ 588 ኒውተን (የፎርስ መለኪያ) የነበረው ጨረቃ ላይ ወደ 97 ይወርዳል። "እቴ"ን ፍለጋ ሄጄ ኒውተንን ጥዬ ተመለስኩ።

ገበያ ላይ ክብደትን በኪሎ ነው የምንናገረው፤ ግጥም ደግሞ ከገበያ ቋንቋ ነው የሚቀዳው። ጉልበት፣ ኃይል፣ አቅም ለገጣሚ እንደ ቤቱ ይለዋወጣሉ። ፊዚክስ ውስጥ ግን ፎርስ በኒውተን፣ ኤነርጂ በጁል፣ ፓወር በዋት ይለካል። አሁን ስገጥም ከስንኙ አጠገብ አሃዱን እጽፋለሁ። አሃዱ ከጠፋኝ ስንኙን እሰርዛለሁ።

ያቺን ግጥም ግን አልጣልኳትም። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋትና "የት ላይ ዋሸች?" እላለሁ። ክፍሉ ያን ዕለት ገበያ ይሆናል።

ሌላው፣ ድንጋይን አፍቃሪ ማድረግ ነው። "ድንጋዩ ምድርን ናፍቆ ወደቀ" ያምራል። አርስቶትል ቢሰማው ይወደው ነበር፤ ከባድ ነገር ወደ ተፈጥሯዊ ቦታው ይወርዳል ባይ ነበርና። በኒውተን ሕግ ግን ፍቅሩ የሁለት ወገን ነው። ድንጋዩም ምድርን በዚያው መጠን ይስባታል። እሷ የማትነቃነቅ የምትመስለን ማሷ እጅግ ስለሚበልጥ ነው።

ስለ መብረቅ ከመግጠማችሁ በፊት ክረምት ላይ በመስኮት አስቆጥሯቸው። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 3 ሰከንድ ካለፈ መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከዚያ ይግጠሙ።

ለቤት አመታት ማርክ? በፍጹም።

መግጠም የማይፈልገውንም አታስገድዱት። አንዱ "ቲቸር፣ እኔ ግጥም አልችልም" አለኝና ስለ ድንጋዩ የተገጠመውን የጓደኛውን ስንኝ፣ ፎርሶቹን በቀስት ምልክት እያሳየ ሳለው። አንድ ቀስት ጎደለ። የጎደለው፣ ድንጋዩ ምድርን የሚስብበት ነበር።