ለሞዴል ሎኮሞቲቭ ድምፅ ማስገጠም፦ ወጪውና አሠራሩ

ለገሃር አካባቢ ያደገ ሰው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከመነሳቱ በፊት እንዴት እንደሚያጉረመርም በጆሮው ያውቀዋልና፣ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋው ሞዴል ባቡር ዝም ብሎ ሲዞር ደስታው ይጎድልበታል። ጉድለቱን መሙላት ይቻላል፤ ነገር ግን የዲኮደሩን ዋጋ ብቻ አይቶ የተነሳ ሰው ገንዘቡ መሐል መንገድ ላይ ያልቅበታልና አስቀድሞ ሙሉውን ሒሳብ ይሥራ።

የድምፅ ዲኮደር ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን በአንድነት የሚያዝ፣ ቴምብር የሚያህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። የጀርመኑ ኢኤስዩ የሚያመርተው ሎክሳውንድ 5 እና የአሜሪካው ሳውንድትራክስ የሚያመርተው ሱናሚ2 በውጭ ገበያ ከ100 እስከ 130 ዶላር ገደማ ይሸጣሉ። ዲኮደሩ ትእዛዝ የሚቀበለው ዲሲሲ በተባለው ዲጂታል ሥርዓት ስለሆነ፣ እስካሁን ባቡሩን በተራ ዲሲ ትራንስፎርመር ሲያንቀሳቅስ የቆየ ሰው መቆጣጠሪያም መግዛት ይኖርበታል፤ ለጀማሪ የሚሆነው 200 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያስወጣል። በርካታ ዲኮደሮች በተራ ዲሲም ድምፅ ያሰማሉ፤ ሆኖም ድምፁ የሚጀምረው ቮልቴጁ ከፍ ካለ በኋላ ነው፣ ጥሩምባውንም በፈለጉት ሰዓት ማስነፋት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ ወደ 320 ዶላር ሲደርስ ሁለተኛው በ120 ያልቃል። በዚህ ላይ የማጓጓዣ ዋጋ፣ የጉምሩክ ቀረጥና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይደመራል። አንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ ላለው ሰው ይህን ሁሉ ማውጣት አይመከርም ባይ ነኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ስፒከር ደብቆ የተቀዳ የባቡር ድምፅ ከስልክ ማጫወት ለጊዜው ያረካል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው በመጀመሪያ የሎኮሞቲቩን ክዳን ከፍቶ በውስጡ ያለውን ዲኮደሩ የሚሰካበትን ሶኬት እግሮች ይቁጠር። ባለ 8 እግር፣ ባለ 21 እግር ወይም በትናንሾቹ ሞዴሎች ላይ የሚታየው ኔክስት18 ሊሆን ይችላል፤ ዲኮደሩም ከእነዚህ ለአንዱ ተሠርቶ ነው የሚሸጠው። ተሳስቶ የመጣውን መልሶ መላክ ከዋጋው በላይ ያደክማል። የሚፈለገውን የሞተር ድምፅ ሻጩ አስቀድሞ እንዲጭንለትም ይጠይቅ፤ አለበለዚያ ለሎክሳውንድ ድምፅ የሚጭነውን ፕሮግራመር ለብቻው መግዛት ሊኖርበት ነው።

ዶላር የማይጠይቀው ክፍል ስፒከሩ ነው፤ ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነውም እሱ ነው። ወደ መርካቶ ወይም ወደ ፒያሳ ወርዶ አንዱን የሞባይል ጠጋኝ «ወንድሜ፣ ከተበላሸ ስልክ የወጣ ስፒከር አለህ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። በተለይ የራሳቸው የፕላስቲክ ሳጥን ያላቸው የአይፎን ስፒከሮች በውጭ አገር ሞዴል ሠሪዎችም ዘንድ የተወደዱ ናቸው። ሳጥን የሌለውን ስፒከር በጣትዎ ይዘው ቢያጫውቱት ድምፁ እንደ ትንኝ ይቀጥናል፤ ከፊቱ የሚወጣው ሞገድ ከኋላው ከሚወጣው ጋር እየተገናኘ ስለሚጠፋ ነው። ኋላውን በትንሽ ሳጥን ከድነው ዙሪያውን በሙጫ ሲያሽጉት ግን የዚያው ስፒከር ድምፅ ድንገት ይወፍራል። በመርፌ የተበሳች የምታህል ቀዳዳ እንኳ ልዩነቱን ታሳያለች። ከመግጠምዎ በፊት የኤሌክትሪክ መቋቋሙን በቴስተር ይለኩት፤ 8 ኦም የተባለው ወደ 7 ገደማ ያሳያል። መመሪያው ከ8 ኦም በታች አይሆንም ለሚል ዲኮደር 4 ኦም ስፒከር ማገናኘት፣ ወይም ሁለት ባለ 8 ኦሞችን ጎን ለጎን (በፓራለል) ማሰር፣ የድምፅ ማጉያውን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል።

ሶኬት በሌለው አሮጌ ሎኮሞቲቭ ላይ ሥራው መበየጃና ስታኞ ይጠይቃል። የዲኮደሩ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ ወደሚቀበሉት መንኮራኩሮች፣ ብርቱካናማውና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። ሞተሩ ከብረት አካሉ ጋር በምንም በኩል መነካካት የለበትም። እኔ ይህን በቴስተር ሳላረጋግጥ፣ አንደኛው የሞተር ብሩሽ በአንዲት የመዳብ ቅጠል ከአካሉ ጋር እንደተያያዘ ኤሌክትሪክ ለቅቄበት፣ የመጀመሪያ ዲኮደሬ ከሲጋራ ጭስ የቀጠነች ጭስ አውጥቶ በሁለት ሰከንድ ተሰናበተ። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ዋስትናም አላዳነኝም፤ እርስዎ የ100 ዶላር ትምህርት አይግዙ። ተገጥሞ ሲያልቅ ባቡሩን መጀመሪያ በፕሮግራም ማድረጊያው ሐዲድ ላይ፣ ማለትም ከመቆጣጠሪያው ጋር ለብቻው በሚያያዘው የዲኮደር ማስተካከያ ሐዲድ ላይ፣ ያስቀምጡት፤ በዚያ የሚለቀቀው ኃይል ውስን ስለሆነ ስህተት ቢኖር እንኳ ዲኮደሩ የመትረፍ ዕድል አለው። የአዲስ ዲኮደር አድራሻ፣ ማለትም መቆጣጠሪያው ባቡሩን የሚጠራበት ቁጥር፣ 3 ነው።

ድምፁ እየተቆራረጠ ካስቸገረ ዲኮደሩን ከመውቀስ በፊት ሐዲዱን ማየት ይገባል፤ በከተማችን በበጋ የሚነሳው አቧራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሐዲዱን ያለብሰዋል። ከፋርማሲ የተገዛ አልኮልና ንጹሕ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ብቻ ለአፍታ ኃይል የሚይዘውን ካፓሲተር ማስገጠም ነው፤ እሱም ከ20 እስከ 30 ዶላር ይጨምራል።

በመጨረሻ ድምፁን ይቀንሱ። በሎክሳውንድ 5 ጠቅላላ የድምፅ መጠኑ በሲቪ 63 (ሲቪ በዲኮደሩ ውስጥ ያለ ቁጥር የተሰጠው ማስተካከያ ነው) ከ0 እስከ 192 ይስተካከላል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ለአንድ ክፍል ከሚገባው በላይ ይጮኻል። ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ባቡር ከሩቅ የሚታይ ባቡር ማለት ስለሆነ ድምፁም ከሩቅ የመጣ ቢመስል ያምርበታል፤ የእኔ 60 ላይ ነው።